ሳይጠየቅ የሚመልስ ኮምፒውተር

ጋሽ ፕሮግራም ኮምፒውተር የተማሩት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አስተማሪያቸውም ራሳቸው ነበሩ። ተማሪው ታዛዥ፣ አስተማሪው ፈተና የማያበዛ ስለነበረ በማዕረግ ተመረቁ። ሠላሳ ዓመት በጽሕፈት መኪና ደብዳቤ ሲመቱ የኖሩበት ክሊኒክ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር በእርዳታ ሲያገኝ፣ ሌላ የሚደፍረው ስለታጣ፣ የካርድ ክፍሉን ፕሮግራም ሁለት ዓመት ደክመው ጻፉ። ስሙንም ያወጡላቸው ያኔ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ካርድ ለመፈለግ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ ያቃስት ነበር።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር የነባር ታካሚዎች ካርድ ይጠፋ ጀመር። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላ ሥራ አስኪያጁ ከዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያ አስጠሩ። ባለሙያው ኪቦርዱን ገልብጦ አራገፈው፤ የምርመራው ውጤትም የብስኩት ፍርፋሪና አንድ አግራፍ ሆነ። በአዲስ ኪቦርድ ቀየረው። ካርዶቹ ግን ኪቦርድ አላማረጡም፣ መጥፋታቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ «የተጠቃሚ ስህተት» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ይህ ሐኪሙ በሽታውን ሳያውቅ ሲቀር ለበሽተኛው የሚያወጣው ስም ነው።

ጋሽ ፕሮግራምም «ፕሮግራሙማ ንጹሕ ነው» ብለው ፈጥነው ተስማሙ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጥፋቱ በካርድ ሠራተኛዋ ላይ አረፈ። አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረባት፤ ሁለተኛው ከሥራ ያሰናብታታል። ደብዳቤውን እንዲመቱ የታዘዙት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ዝርዝሩን ሊጠይቋት ወርደው ከጎኗ ወንበር ሳቡ።

«ስንቱን ሰረዝሽ?»

«ምንም አልሰረዝኩም፣ ጋሼ። እሱ ራሱ ነው ሳይጠይቀኝ የሚሰርዘው።»

«ማሽን ቂም የለውም።»

«ከባለቤቱ ካልተማረ።»

በመስኮቱ አንድ ሰው ቁጥሩን ነገራት። ጻፈችና ኢንተርን ነካች። ኮምፒውተሩ ማቃሰት ጀመረ። እንደገና ነካችው፤ አሁንም፤ አሁንም፣ ሰው እንዳለ እያወቀ በር እንደሚደበድብ እንግዳ።

«ምን አድርጎሽ ነው የምትደበድቢው?»

«ካልደበደብኩት ይተኛል። ሰልፉን አያዩትም?»

ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ካርድዎ የለም» አለች ወደ መስኮቱ ዞራ።

«ለስምንት ዓመት ምን ስታክሙኝ ነበር ታዲያ?» አለ ሰውየው።

ጋሽ ፕሮግራም ክው አሉ። ብልጭ ያለውን ጥያቄ የጻፉት እሳቸው ናቸው፦ ካርዱ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ ይሰረዝ? የሠራተኛዋ ጣት እንዳይደክም ብለውም ባዶ ኢንተር «አዎ» ማለት እንዲሆን አድርገው ነበር። በዚህ አሳቢነታቸው ብዙ ተኩራርተውበታል። አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ ሥራ ላይ ሳለ የተነካውን ቁልፍ ሁሉ በተራ ይዞ ያቆያል፤ ጥያቄው ሲመጣ መልሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል።

ማስተካከሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ፕሮግራሙ ከመጠየቁ በፊት የተጠራቀመውን ቁልፍ እንዲጥል፣ «ይሰረዝ» ብሎ በሙሉ ያልጻፈም እንዳይሰርዝ አደረጉ። ደብዳቤው ግን ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀባቸው። ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ ቀደዱ።

ሥራ አስኪያጁ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚህ ጋ የእርስዎ ስም ተሳስቶ ገብቷል።»

«በሠላሳ ዓመት ስም ተሳስቼ አላውቅም።»

«ባለሙያው እኮ የተጠቃሚ ስህተት ነው ብሎ ፈርሟል።»

«ፊርማው ያምራል» አሉ ጋሽ ፕሮግራም። «ስህተቱ ግን የኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ፈረሙ። ጋሽ ፕሮግራም የዕድሜያቸውን የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይዘው ወደ ካርድ ክፍል ወረዱና ሠራተኛዋ ፊት አስቀመጡት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጋሼ፣ አንድ ኮፒ ይስጡኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ያ ባለሙያ ተመልሶ ሲመጣ አነብለት ነበር።»