ለልቅሶ ቤት ፍራሽ የተጠየቀ የእንግሊዝኛ ስም

በዚያ ቅዳሜ ሰበታ፣ በፍራሽ ሠሪው ግቢ ውስጥ ከእኔ ሌላ የነበሩት ፍራሽ ሠሪውና ባለቤቱ፣ ከቡራዩ አብረውኝ የመጡት የዕድራችን ሊቀ መንበርና ጸሐፊው፣ እንዲሁም የዕድሩን ንብረት የሚይዙት ወይዘሮ ናቸው። በልቅሶ ቤት የሚነጠፉትን አሮጌ ፍራሾች ልንለውጥ ነበር የሄድነው። ፍራሽ ሠሪው ይህን ትእዛዝ ካላገኘ ግቢውን ለቅቆ ሆለታ ወደ አባቱ እርሻ እንደሚመለስ አልደበቀንም።

በእኛ ዕድር ፍራሽ ሆዱ ሳይታይ አይገዛም። ሰውየው ራሱ ስፌቱን ተርትሮ ሙሌቱን አወጣ፤ ከልብስ ስፌት የተረፈ ቁርጥራጭ፣ ተቦጫጭቆና ተበጥሮ እንደ ሱፍ የለሰለሰ።

«ጥጥ አይደለም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሊቀ መንበሩ ቆንጥረው አሸተቱና ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሼ፣ አንቱ ዕድሜዎን በእንግሊዝኛ የጨረሱ ነዎት። ፈረንጅ ይህን ምን ይለዋል?»

የግቢውን መውጫ በር አየሁ። ካልተጠየቅሁ አለመናገርን ለዓመታት ልማድ አድርጌዋለሁ፤ ስጠየቅ ግን አድበስብሶ ማለፍ አይሆንልኝም።

«ሾዲ» አልሁ።

«ትርጉሙስ?»

«ዛሬ ቅጽል ነው። ላዩ አምሮ ውስጡ የማይረባ ነገር ይባልበታል።»

«በቃ፣ ተፈረደ» አሉ ጸሐፊው እየሳቁ።

«አልጨረስሁም። አስቀድሞ ስድብ አልነበረም። በሰሜን እንግሊዝ አሮጌ ሱፍ ቦጫጭቀው እንደገና የሚፈትሉ ነበሩ፤ የጨርቁ መጠሪያ ነው። ቃሉ ከየት እንደ መጣ በእርግጥ አይታወቅም። ስሙ የረከሰው ነጋዴዎች ጨርቁን አዲስ ነው እያሉ ሲሸጡት፣ በጦርነትም የወታደር ልብስ ሆኖ ሲበጣጠስ ነው። ይህ ሰው ግን ምን እንደሆነ ነግሮናል።»

«አባ ኮ፣ እኔ ጥጥ ነው ያልሁት መቼ ነው?» አለ ፍራሽ ሠሪው፣ ሊቀ መንበሩን በኦሮምኛ «አባቴ» ብሎ።

እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «የዕድሩ ሰው ስሙን ከሰማ በኋላ አመጣጡን ቁጭ ብሎ አይሰማም። ሐዘንተኛ በተናቀ ነገር ላይ አይቀመጥም።»

«ስሙን ጠይቀው ያወጡት እርስዎ ነዎት» አሉ ወይዘሮዋ። «እኔስ ይኸው ተቀምጬበታለሁ፤ ወገቤ እንግሊዝኛ አያውቅም።»

ሊቀ መንበሩ አልሳቁም። መርካቶ እንገዛለን ብለው ከጸሐፊው ጋር ወጡ። ባለቤቱ መርፌ አንሥታ የተተረተረውን መስፋት ጀመረች። ፍራሽ ሠሪው ስልኩን ይዞ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ሊመጣ መሆኑን ለአባቱ ነገረው። ወይዘሮዋ ከፍራሹ አልተነሡም። እኔ ከበሩ ወደ ሙሌቱ ክምር፣ ከክምሩ ወደ በሩ እመላለስ ነበር። የቀረነው አራት ሰዎች ነበርን።