አርብ ቀን የተቀበልኩት ብስኩት

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ የሄድኩት ለእህቴ ልጅ ሰርግ ነው። የሙሽራዋን የሐበሻ ቀሚስ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰርጉ እሑድ ነው፣ ሌላ ቀሚስ ደግሞ የለም። አርብ ጠዋት ከሰፈሬ ከሳውዝ ሲ በማታቱ ታክሲ መሃል ከተማ ገብቼ አውቶቡስ ያዝኩ። ሻንጣው ከታች ከዕቃ ጋር ይግባ ሲሉኝ እምቢ ብዬ እግሬ ሥር ሸጎጥኩት።

አጠገቤ የተቀመጠው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትሑት ጎልማሳ ነው። ኤማሊ የምትባለውን ከተማ ስናልፍ ብስኩት አውጥቶ "ካሪቡ ማማ" አለኝ፤ ብዪ ማለቱ ነው። እንግዲህ አርብ ነው፣ ብስኩቱ ላይ ደግሞ የወተት ሥዕል አለበት። ግን ሰው የዘረጋውን እጅ እንዴት እመልሳለሁ? በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ወደ ውጭ ሲያይ ጠብቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ባዶ አፌን አኘክሁ።

"ጣፈጠዎት ማማ?"

"በጣም ልጄ!"

እንዳይደግመኝ ፈርቼ የተኛሁ መሰልኩ። ብዙም ሳይቆይ ሻንጣው ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ ሲንሸራተት ተሰማኝ። እግሬን እንድዘረጋ አስቦልኝ ነው ብዬ በሆዴ መረቅሁት።

ምቲቶ አንዴይ

አውቶቡሱ እዚህች ከተማ ለምሳ ቆመ። ዓይኔን ስገልጥ ሰውዬው ሻንጣዬን አንጠልጥሎ በሩ ጋ ደርሷል። ሊያግዘኝ ነው እንጂ ሌላ ምን አስባለሁ? በተሰባበረች ስዋሂሊዬ "ተወው ልጄ፣ አትቸገር! እኔ አልወርድም!" ብዬ ጮህኩ።

ዞሮ ሲያየኝ ሙት የተነሣበት ይመስል ደነገጠ። ሻንጣውን እዚያው ጥሎ ሮጠ።

ሻንጣውን ከፍቼ ቀሚሱን አየሁት፤ ደህና ነው። ልንነሣ ስንል ግን የጨነቀኝ ለእሱ ነበር። "ኧረ ያ ሰው ቀረ!" አልኩት ኮንዳክተሩን።

"ማማ፣ የሰጠዎት የሚበላ ነገር አለ? በልተዋል?"

"አልበላሁም፣ ጾም ነው።"

ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። "በልተው ቢሆን ደንዝዘው ሞምባሳ ላይ ተሸክመን ነበር የምናወርድዎት።" ከሹፌሩ በላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየኝ፤ ከማያውቁት ሰው ምግብ አይቀበሉ ነው የሚለው። እኔ አጠገቡ እንደተለጠፉት ሌሎቹ የጸሎት ቃል መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የጻቮ ፓርክን ቀይ አፈርም፣ ሰው ሁሉ በመስኮት የተንጠራራላቸውን ዝሆኖችም ልብ ብዬ አላየሁ። "ጣፈጠዎት?" ያለኝ እኮ ከልቡ ይመስል ነበር።

መልስ

ሙሽራዋ በቀሚሱ አምራ ተዳረች። ብስኩቱን ሽንት ቤት ጨመርኩት፤ ውስጡ ምን እንደነበረ እስካሁን አላውቅም።

ማክሰኞ ስመለስ አጠገቤ አንዲት ተማሪ ተቀመጠች። ብርቱካን ልጬ ሳላስበው እጄ ወደ እሷ ተዘረጋ። "ካሪቡ ልጄ።"

"አሳንቴ ማማ" ብላ አመስግና በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ዓይኗን ጨፈነች።

ግራ ገባኝ። ልቀየማት ወይስ ጎበዝ ልበላት? ዓይኗን ብትገልጥ እንድታያቸው ብዬ ሁለቱን እጆቼን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እስከ ናይሮቢ ተጓዝኩ።

ቤት ስገባ ልጆቼ ከበቡኝ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። "እማዬ፣ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርሽ?"

"ብርቱካን ሳይላጥ ነው የሚሰጠው" አልኳቸው።