የነፊሳ ገመድ ያልያዘው መርዝ

በሀቢቾ ገበያ ገመድ ማለት የነፊሳ ገመድ ነው። የሌላው ሰው ገመድ ክረምቱን ሳይጨርስ ይበጣጠሳል፤ እሷ የገመደችው ቃጫ ግን ወይፈን አስሮ ሦስት ዓመት ይከርማል። ይህን የምለው ላሞግሳት ብዬ እንዳይመስላችሁ። ለጥቂት ጉድ ሊሠራት የነበረው ያው ሙያዋ ነው።

በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት በጋ፣ አንድ ጠዋት የቃጫ ክምር ስታነሳ ጊንጥ ግራ እጇን ነደፋት። ባሏ ረሻድ ጩኸቷን ሰምቶ ሮጠና መርዙ ልቧ እንዳይደርስ ብሎ ከክርኗ በላይ በራሷ ገመድ ጥፍር አድርጎ አሰራት። አባቱም እንዲሁ ያስሩ ነበር። ከዚያ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር በቅሎ ለምኖ የሁለት ሰዓት መንገድ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያው መጣ። ሲደርሱ እጇ አብጦ፣ ጣቶቿ ጠቁረው፣ ቢቆነጥጧትም አልሰማ ብሏት ነበር። ነፊሳ ሞትን አልፈራችም። ገመድ በአንድ እጅ አይገመድም፤ አራት ልጆቿ የሚበሉት ደግሞ ከገመዱ ነው።

የጣቢያው ድሬሰር ጣቢታ እንዳየቻት መቀስ አነሳች። ረሻድ ከእጇ ቀማትና ከጀርባው ደበቀው። ብትፈቺውና ብትሞትብኝስ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ረሻድ ሞኝ አልነበረም፤ ሚስቱን የሚወድ ሰው ነበር። የፈራ ፍቅር ግን ከሞኝም ይብሳል።

ጣቢታ እሱን ትታ ወደ ነፊሳ ዞረች። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ ስለ ጊንጥ መርዝ በቅርቡ የታወቀ ነገር ሰምታ ነበር። ከነፊሳ ቀሚስ ላይ አንዲት የቃጫ ክር አነሳችና አጥፋ አጥፋ ሦስት ቦታ ቋጠረቻት። በጊንጥ መርዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ አለቻት፤ ክር ላይ እንደተሰካ ሠላሳ ሰባት ዶቃ ነው፣ በሦስት ቋጠሮ ስለተያዘ ቅርጹን አይለቅም። ከዚያ ቋጠሮዋን የብልቃጥ አፍ ላይ ወተፈቻት። ነርቭ ሲቆጣ ፖታሲየም የሚባል ጨው የሚወጣበትና እሱም የሚበርድበት በር አለው፤ በሩ ሲወተፍ እየጮኸ ይቀራል። ውታፉ ግን ውሎ አድሮ ይለቃል አለቻት።

ነፊሳ ቋጠሮዋን በደህና እጇ አገላበጠቻት። ምን ታህላለች ብላ ጠየቀች።

"በዓይን አትታይም" አለች ጣቢታ። "ገመዱ እሷን ይዞ አያስቀርም፣ የያዘው ደምሽን ነው። እጅሽን እየገደለ ያለው ገመዱ ነው።"

ረሻድ ራሱን ነቀነቀ። ነፊሳ ግን ገመድ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚያመልጠው ከማንም በላይ ታውቃለች። ወይፈን ይይዛል፣ ጭነት ይይዛል። ደም ውስጥ እንደ ጨው የሟሟ መርዝ ግን በየትኛው ገመድ ይታሰራል? እጇን ዘረጋች።

"ረሻድ፣ መቀሱን ስጠኝ። የገመድኩት እኔ ነኝ፣ የምቆርጠውም እኔ ነኝ።"

ሰጣት። ገመዱ የነፊሳ ገመድ ነዋ፣ አራት ጊዜ ቆርጣ ነው የለቀቀላት።

መጀመሪያ ምንም የለም። ጣቢታ የልብ ምቷን ትቆጥራለች፣ ረሻድ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ዱዓ ያደርጋል። ከዚያ ጣቶቿ ቀስ በቀስ ቀላ አሉ፣ ሕመሙም እንደ እሳት መጣ። ነፊሳ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

"አመመኝ፣ ረሻድ" አለችው። "አምስቱም አመሙኝ።"