አዝማቹ ብቻ የቀረው የመሐል ሜዳ የሮክ ባንድ

«ልጄን በምን ታውቀዋለህ? በኳስ ነው?» አሉኝ የደረጀ እናት፣ ዛሬ ራቤል ከተማ የልጃቸውን ለቅሶ ልደርስ ሄጄ።

«በሙዚቃ ነው፣ እማማ። መሐል ሜዳ ከተማ ስንማር የሮክ ባንድ ነበረን። እሱ ጊታር እየመታ ይዘፍን ነበር።»

ይህን ሰምተው አያውቁም። አባቱ ቄስ ስለነበሩ ደብቋቸው ኖሯል።

ሦስት ነበርን። ሕዝብ ፊት የቀረብነው አንዴ ብቻ ነው፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ግማሹ ተመልካች በመሀል ወጣ፤ የቀረው ደግሞ ዝናቡ እስኪያባራ እየጠበቀ ነበር።

ድራም መቺያችን ከሞተ ቆይቷል። ደረጀ ባለፈው ሳምንት አረፈ። አሁን ባንዱ እኔ ብቻ ነኝ።

እናቱ ወደ ጓዳ ወሰዱኝና፣ «ምን እያለ ነበር የሚዘፍነው? ቀስ ብለህ አሰማኝ» አሉኝ።

ጠጋ ብዬ አዝማቹን አንጎራጎርኩላቸው።

«ከዚያስ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን የሚዘፍነው ደረጀ ነበር። እኔ የምቀበለው አዝማቹን ብቻ ነው። በካሴት ቀድተነውም አናውቅም።

«አላውቀውም፣ እማማ።»

«እንግዲያው እሱኑ ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ግጥሙን ላስታውስ ሞከርኩ፤ አንድም ስንኝ አልመጣልኝም።

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ስትጠብቁም ቢሆን ጆሯችሁ የያዘው ነገር ካለ ጻፉልኝ። እናንተስ፣ የሞተ ወዳጃችሁ ይዞት የሄደ ዘፈን አላችሁ?