ሁለት አስመሳዮች በአንድ ጋቢ ሥር

ልጅ ሳለሁ ጉንፋን እንዲይዘኝ እጸልይ ነበር። አትሳቁብኝ። አሰላ ላይ ብርድ በነጻ ነው የሚታደለው፤ ጭላሎ ጉሙን በተከናነበ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ሲያነጥስ ይውላል፣ የእኔ አፍንጫ ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ ያናድደኛል። እኛ ቤት ተረት የሚነገረው ለታመመ ሰው ብቻ ነበራ!

ተረቱም መድኃኒቱም የእናቴ አባት፣ የአባባ ነበሩ። አባባ ዕድሜያቸውን በኢተያ የስንዴ ማሳዎች ላይ ኮምባይነር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው እኛ ዘንድ ሲገቡ ከአንድ የብረት ሳጥንና ከአንድ እቅፍ የዳማከሴ ችግኝ በቀር ይዘው የመጡት ነገር አልነበረም። ጓሯችንን በአንድ ክረምት ፋርማሲ አደረጉት። ሆድ ሲቆርጠን ፌጦ በሎሚ፣ ምች ሲመታን ዳማከሴ ታሽቶ፣ ጉሮሯችን ሲከረክረን ነጭ ሽንኩርት በማር። የሰፈሩ ሌሎች መድኃኒት አዋቂዎች ቅጠላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ «ስሙ ከተነገረ ይረክሳል» እያሉ ነበር የሚሰጡት። አባባ ግን ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ ይሄን ነገር አምርረው ይጠሉት ነበር። «ስሙን የሚደብቅ መድኃኒት ከሌባ በምን ይለያል?» ይላሉ። ስለዚህ የትኛውንም ቅጠል ከመጠጣታችን በፊት አሽትተን፣ ስሙን ጮክ ብለን መጥራት ግዴታችን ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ኧረ ጋሽ ገመዳ፣ ኃይሉን በተኑት እኮ!» ይሏቸዋል። «ይበተን፤ ለአንቺም ይድረስሽ» ነበር መልሳቸው።

እኔ ከሁሉም የምወደው መታጠኑን ነበር። ያኔ መብራት ከሚበራበት ምሽት የሚጠፋበት ይበዛ ስለነበር ፋኖሱ ምስማሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከሰሉ ፍም እስኪሆን ይራገባል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ዳማከሴ የተቀቀለበት ድስት ከምድጃው ወርዶ በጡብ ታጥሮ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ታማሚው ጋቢ ይከናነብና ጨለማው፣ ሙቀቱና ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ ውስጥ ሆኖ የአባባን ድምፅ ይጠብቃል። ጤነኞቹ፣ «በር እየከፈታችሁ ታቀዘቅዙብኛላችሁ» ተብለው ወደ ማድ ቤት ይባረራሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ተረቱ ሳያልቅ ከጋቢው ራስ አይወጣም። ልጅ በሰዓት አይታዘዝም፣ በተረት ግን ይታዘዛል ባይ ነበሩ። ደግሞም የሚያስቅ ተረት ይመርጣሉ፤ የሚስቅ ልጅ እንፋሎቱን ሳይወድ በግዱ ይስባል።

ስምንት ዓመቴ ላይ እንደምንም ጉንፋን ያዘኝና የጅቡን ተረት ጀመሩልኝ። ጅብ በጉንፋን አፍንጫው ተደፍኖ ፍየል ከድንጋይ መለየት ያቅተዋል፤ ጦጣ ዘንድ ሄዶ «አክሚኝ» ይላታል። ጦጣም ቆዳ ታከናንበውና፣ «ተረቴን ሳልጨርስ እንዳትወጣ» ብላ ማለቂያ የሌለው ተረት ትጀምርለታለች፤ እሱ ከቆዳው ሥር «ጨረስሽ?» ሲል፣ እሷ «ገና ነኝ ጌታዬ» ስትል፣ የሀገሩ ፍየል በሙሉ እየተሳሳቀ በጎኑ ያልፋል። አባባ የጅቡን ድምፅ በተደፈነ አፍንጫ ሲያወጡት እኔ በሳቅ ድስቱ ላይ ልደፋ ምንም አይቀረኝም። ችግሩ፣ ተረቱ እንደ መድኃኒቱ ለሦስት ምሽት የተከፈለ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ዳንኩ። «ለጤነኛ አይነገርም» ብለው ጅቡን ከነቆዳው አስቀሩብኝ።

ምን ላድርግ? ማስመሰል ጀመርኩ። ብቻዬን እንዳይነቃብኝም አምስት ዓመቷ የነበረችውን እህቴን አያንቱን አሰለጠንኳት። «ሦስት ጊዜ ኡህ ኡህ ኡህ ትያለሽ፤ ከዚያ በአንድ ዓይንሽ አባባን ሰረቅ አድርገሽ ታያለሽ።» ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ ጠዋት ላይ ጀምራው አባባን የጦስኝ ሻይ አስፈላች።

ምሽት ላይ ሁለታችንም ድምፃችን እንደተዘጋ ሆነን ቀረብን። አባባ ከላይ እስከ ታች ገረመሙን።

«ሁለታችሁም በአንድ ቀን?»

«አዎ አባባ፣ ከእኔ ተጋብቶባት ነው።»

«አይ አንተ ቀጣፊ! እሺ ግቡ። ዛሬ ረጅሙን ነው የማወራላችሁ፤ ላብ በላብ ሆናችሁ ነው የምትወጡት።»

እንደነቁብን ገብቶኛል። ግን ማን ግድ አለው፣ ተረቱ መጣልኝ!

ትከሻ ለትከሻ ገጥመን አንድ ጋቢ ውስጥ ተቀመጥን። ጅቡ ቆዳውን ለበሰ፣ ጦጣዋ ጀመረች፣ የመጀመሪያው ፍየል አለፈ። እኔ ሳቅሁ። አያንቱ አልሳቀችም። አያንቱ ማለት ጣት ሲያሳዩዋት የምትስቅ ልጅ ናት። በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። ከዚያ ሳለች። ያስተማርኳት ሳል አልነበረም፤ ከጥልቅ የሚመጣ፣ ትንፋሿን ነጥቋት የሚሄድ ነገር ነበር። እጄን ጎኗ ላይ ባደርግ የጎድን አጥንቷ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ገላዋም ከእንፋሎቱ ይበልጥ ያቃጥላል። ከጋቢው ውጭ አባባ በጅቡ ድምፅ «ጨረስሽ?» ይላሉ። ፈራሁ። ብናገር ማሰልጠኔ ይጋለጣል፣ ተረቱም ይቀራል፤ ዝም ብል ደግሞ እሳቸው የምታስመስል መስሏቸው እስከ መጨረሻው ሊያወሩ ነው። አልዋሽም፣ ትንሽ ቆየሁ፤ ሁለት ፍየል እስኪያልፍ ድረስ።

ከዚያ ጋቢውን ገፈፍኩት። «አባባ! እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ አሁን ግን እውነቷን ነው። አትስቅም!»

ቁጣ ስጠብቅ፣ ፋኖሱን አውርደው ፊቷ ላይ ያዙ። አፍንጫዋ ይርገበገባል። ጆሯቸውን ጀርባዋ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ኢንተላ ኮ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋባቸው ነበር። ወዲያው ወደ ማድ ቤቱ ዞረው እናቴን ተጣሩ። «ይሄ የቅጠል ሥራ አይደለም! ባጃጅ ጥሪ!»

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ፣ «ቤት ውስጥ የሰጣችኋት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። ወረፋው ላይ የነበሩት እናቶች ሁሉ አቀረቀሩ፤ የሁሉም ቤት ጉድ ነው፣ ሁሉም ይደብቀዋል። አባባ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ኮሪደሩ በሙሉ እስኪሰማ፣ «ጠዋት ጦስኝ በሻይ፣ አሁን የባሕር ዛፍና የዳማከሴ እንፋሎት። ደግሞ ታስመስላለች ብዬ ዘግይቻለሁ፤ ይሄንንም ጻፊው» አሉ። ነርሷ ቀና ብላ አየቻቸውና ጻፈች። የሳንባ ምች ነበር። በሦስተኛው ቀን መርፌው ሠርቶ አያንቱ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች፤ አባባም ጅቡን ከመጀመሪያው ጀምረው እስከ መጨረሻው ነገሯት። በዙሪያው የነበሩት አስታማሚዎች እርስ በርስ «ዝም በሉ፣ እንስማበት!» እየተባባሉ ያዳምጡ ነበር።

ያን ዕለት ወደ ቤት በእግራችን ስንመለስ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «ባትናገር ኖሮ እኮ ተረቱን እጨርሰው ነበር» አሉኝ።

ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰናብቼ፣ ዛሬ ከአሰላ አዳማ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። አፌ አያርፍም፤ ተሳፋሪው ሳቅ በሳቅ ሲሆንልኝ ደስታዬ ሌላ ነው። ለጉንፋን ምን ይሻላል የሚለኝም አይጠፋም፤ የቅጠሉን ስም ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ። ግን ያቺ የአባባ ቃል አልለቀቀችኝም። ወሬዬ በጣም በጣመበት ሰዓት፣ ሁሉም ሲንከተከት፣ ዓይኔ ከወንበር ወንበር እየዘለለ የማይስቀውን ሰው ይፈልጋል።