ደረቱን ያልመታው ሰውዬ

በየማለዳው ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት በእግሩ ይወጣል። ኮቱን ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻው ነው የሚያንጠለጥለው። መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጠው ብርቅዬ ዘንድ ሲደርስ ቆም ይልና በሁለት ጣቱ የእጁን የደም ሥር ይዞ ይቆጥራል። ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ለልቡ ደረቱ ውስጥ ባትሪ አስገብተውለታል ይባላል።

ብርቅዬ ግን ቂም ይዛበታለች። የገዛ ልጁ መርዶ ከግንባር የመጣ ዕለት ለቅሶተኛው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ፣ እሱ እንደ ግንድ ቆሞ ዋለ። ሣልስቱ እንዳለፈ ዳገቱን ወጣ።

ዛሬ አላስቻላትም። «ጋሼ፣ ለልጅ እንኳ ደረት አይመታም?»

ቆጠራውን ጨረሰ።

«ሐኪሙ በየቀኑ ተራመድ፣ ደረትህን ግን እንዳትመታ ብሎኛል» አላት፣ የሰው ወሬ እንደሚያወራ ሁሉ። «ልጄ ሲዘምት ሁለቱንም አስምሎኝ ነው የሄደው።»

ኮቱን አስተካክሎ ዳገቱን ቀጠለ።