ኦቦ ጂሎ ያስመዘገቡት ቤተሰብ

ይህ ነገር የገጠመኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ዛሬም የሰው ስም ልመዘግብ ስቀመጥ ኦቦ ጂሎ ትዝ ይሉኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ያደግኩት ነገሌ፣ ጦር ካምፑ አጠገብ ነው። አባቴ ከጎጃም የመጣ ወታደር ስለነበር ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ያም ሆኖ በግጭት የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ከተማችን መጥተው መንግሥት ስንዴና ዘይት ሲልክላቸው፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ መዝጋቢ ሆንኩ።

ኦቦ ጂሎ ተራቸው ደረሰ። ስንት ልጅ እንዳላቸው ብጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ሰልፉ አዞሩ። ደግሜ ብጠይቅ ሰማይ ሰማይ አዩ። ከኋላቸው የቆመች ሴት፣ ልጅና ከብት መቁጠር ነውር እንደሆነ፣ የተቆጠረ ይጎድላል ተብሎ እንደሚፈራ ነገረችኝ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ በዚያችው በገበያ ኦሮምኛዬ ጥያቄውን ለወጥኩት።

"እሺ አባባ፣ ቁጥሩ ይቅር። የእርስዎን እጅ የሚያዩትን ሁሉ በስም በስም ይንገሩኝ።"

ፊታቸው በራ። ስምንት ስም ጠሩልኝ። ዳሌቲ ጋ ሲደርሱ ክፉኛ እንደከሳች ነገሩኝ። እኔም ከስሟ ጎን "ሕመምተኛ፣ ቅድሚያ ይሰጣት" ብዬ ጻፍኩ። ቦኬ ልትወልድ ደርሳለች ሲሉኝ ደግሞ አልሚ ምግብ እንዲጨመርላት "ነፍሰ ጡር" አልኩ።

እደላው ሊጀመር ሲል ተቆጣጣሪ መጣና የተመዘገበ ሁሉ በአካል ይታይ አለ። ስም ሲጠራ የኦቦ ጂሎ ባለቤትና ልጆች አንድ በአንድ ወጡ። ዳሌቲና ቦኬ ሲባል ግን የወጣ የለም። ኦቦ ጂሎ ትንሽ ታገሡ ብለው ሄዱና ሁለት ላሞች እየነዱ ተመለሱ።

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም። ይህ ማጭበርበር ነው፣ ሰውየው ከነቤተሰቡ ይሰረዝ አለ። ሳቁ ቆመ። ልጆቹ ባዶ ጆንያቸውን እንደያዙ እኔን እኔን ያያሉ።

"እኔ አልዋሸሁም" አሉ ኦቦ ጂሎ። "ልጅቷ እጅህን የሚያይ ማን ነው አለችኝ። ከብቶቼ አለቁ፣ የቀሩኝ እነዚህ ናቸው። እነሱም እጄን ያያሉ።"

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ሰው መሆናቸውን ሳልጠይቅ መጻፌን ተናገርኩ። ተቆጣጣሪው መዝገቡን ገለጠ። "ነፍሰ ጡር" የሚለውን አነበበ፣ ቀና ብሎ የቦኬን ሆድ አየ።

"ይቺ እንኳ እውነት ነች" አለና ሳቁ አመለጠው።

ላሞቹ ብቻ እንዲሰረዙ ተስማማ። ሁለቱንም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ፤ ልጆቹ ስንዴያቸውን ይዘው ሄዱ።

ከሳምንታት በኋላ ኦቦ ጂሎ ወተት በጮጮ ይዘው ቢሮዬ መጡ። "ቦኬ ወለደች። የላከችልሽ ነው" አሉኝ። እያፈርኩም ቢሆን ጠጣሁት። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ፤ ደስም ይለኛል። ያን ሁሉ ሰው መዝግቤ፣ ምስጋና የላከችልኝ በገዛ እጄ የሰረዝኳት ላም ነች።